የአያ እንግዳው አቋራጭ

ገበያ የሌለው አገር አለ፤ ወንዝ የሌለውም አለ። አቋራጭ አውቃለሁ የሚል ሰው የሌለበት አገር ግን እስካሁን አልተገኘም። ለየመንደሩ አንድ አንድ ተመድቦለታል። መንገድ ሲጠይቁት ምራቁን ዋጥ ያደርግና አገጩን ወደ ጋራው ቀስሮ «እዚችው ናት» ይላል። እዚችው የተባለችው ስፍራ አንዳንዴ የአንድ ቀን፣ አንዳንዴ የሦስት ቀን መንገድ ናት። ሰውየው ግን ውሸታም አይደለም፤ ከልቡ ቅርብ ትመስለዋለች።

ለመተማ የደረሷት አያ እንግዳው ነበሩ፤ የጠጠር መንገድ ፊታውራሪ፣ የቁልቁለት ደጃዝማች። ጊዜው ጣሊያን በመንገዱ፣ አርበኛው በጫካው የሚያድርበት ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። አያ እንግዳው ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ የደጋ ተወላጅ ናቸው። አንድ ቀን ድንበሩን ተሻግረው ገላባት ሄዱና አንድ ያረጀ ቢስክሌት በሁለት ጆንያ ሰሊጥ ለውጠው መጡ። ሱዳኖቹ «አጀላ» ይሉታል፤ እርሳቸው «በቅሎዬ» ነው የሚሉት። ፍሬን የለውም። ፍሬኑ የአያ እንግዳው ቀኝ እግር ነው፤ ቁልቁለቱ ሲበረታ ጫማቸውን የፊት ጎማው ላይ ይጭኑታል፤ ያን ጊዜ የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ከእርሳቸው ቀድሞ ከተማ ይገባል።

በዚያ ጫካ የነጋዴ ልማድ አለ። መንገድ ለሁለት ሲከፈል ፊተኛው መንገደኛ ቅጠል ያለው ዝንጣፊ ይቆርጥና በማይኬድበት በኩል አጋድሞት ያልፋል፤ ኋላ የሚመጣው ያንን አይቶ በሌላው ይሄዳል። አያ እንግዳው ግን ዝንጣፊው ከመንኮራኩሩ ሽቦዎች መካከል እየገባ ስለሚያስቸግራቸው፣ ባገኙት ቁጥር አንስተው ወደ ማዶው ይወረውሩታል። ማዶው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደህናው መንገድ ነው። ስለዚህ ከእርሳቸው ኋላ የመጣ ሁሉ ይጠፋል። አሰበች የምትባል ጥጥ ሻጭ ወደ ገለጉ ብላ ወጥታ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መተማ ስትገባ፣ «ገለጉ ቁርጥ መተማን አትመስልም?» ብላ የገዛ ጎረቤቷን ጠየቀች አሉ። ይህን ሲነግሯቸው አያ እንግዳው በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «የሚጠፋው እግረኛ ነው» ይላሉ።

ለቀብር የመሯቸው ሰዎች ለሰልስቱ ደርሰዋል። አርበኞቹ ራሳቸው አንድ ቀን ውሃ ያለበት እንዲወስዷቸው ቢለምኗቸው፣ እርሳቸው በአቋራጭ ወስደው ጣሊያን የሰፈረበት ጓሮ አወጧቸው። ደግነቱ ወታደሩ ምሳ ላይ ስለነበር አርበኞቹ አምስት ሣጥን ጥይት ተሸክመው ተመለሱ። አያ እንግዳው ይህን ሲያወሩ «አስቤበት ነው» ይላሉ።

ባለሱቁ ኸሊፋ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያን ዓርብ ግን ምርጫ አልነበረውም። ሽንፋ ላይ የሐጂ ኢሳን ልጅ መጂዳን ሊያገባ ቃል አስሯል፤ የኒካሑ ቀን ግን ሁለት ጊዜ አልፎበታል፤ አንዴ ወባ ጥሎት፣ አንዴ ጣሊያን መንገዱን ዘግቶበት። ሐጂ ኢሳ ሰው ልከው፣ «ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ካልተገኘ ልጄን ለጠየቀኝ ለሌላው ሰው እሰጣለሁ» አሉ። ሐጂ ኢሳ ካሉ አሉ ነው። ኸሊፋ ሐሙስ በነጋዴ ካሚዮን ሊሄድ ተሰናድቶ ሳለ መንገዱ ለመኪና እንደገና ተዘጋ። በእግር ሁለት ቀን ነው። መጂዳን ያያት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ስቃ ነበር፤ ያ ሳቅ በሌላ ሰው ቤት ሲሰማ ታየው።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ኸሊፋ ያስጠራቸው አያ እንግዳው ከሱቁ በር ቆመው ደወላቸውን አቃጨሉ።

«አያ፣ አንቱ ሽንፋን ያውቋታል?» አለ ኸሊፋ።

«እዚችው ናት።»

«የጫካውን መንገድ አጣርተው ያውቁታል ወይ ነው የምልዎ።»

«ተቀመጥ ወዲያ። ሩቅ የሆነው ለእግረኛ ነው።»

ኸሊፋ ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ፣ ጥምጣሙን አጥብቆ፣ የሙሽሪትን ልብስ የያዘውን ጥቅል ታቅፎ ከኋላ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ዳገት እየገፉ ወጡ። አናቱ ላይ ሲደርሱ የእጣን ዛፍና ሽመል የሸፈነው ሸለቆ ከእግራቸው ሥር ተዘረጋ፤ በመካከሉ ጠጠር ብቻ የሆነች ቀጭን መንገድ ትወርዳለች። አያ እንግዳው «ያዝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኸሊፋ በቅደም ተከተል አያስታውስም። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየፈነጠረ ይንጫጫል፤ ዛፎቹ ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ ቆቅ ከፊታቸው እየተነሳ ይበራል። አንዱን ጠመዝማዛ ዞሩ ሲባል ሌላው ይመጣል፤ ጉድጓዱን ዘለሉ ሲባል ደረቅ ወንዙ ይቀበላቸዋል። ኸሊፋ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሶ እንደገና ጀመረ። ሁለተኛውን ዙር ሳያጋምስ ግን አንድ ነገር ታወቀው፤ እየሳቀ ነበር። ካደገ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

በሦስተኛው ቁልቁለት የግራር እሾህ የኋላውን ጎማ በሳው። መለጠፊያ የለም። አያ እንግዳው ዙሪያቸውን ሲቃኙ ቆይተው ዓይናቸው ኸሊፋ ራስ ላይ አረፈ።

«ስንት ክንድ ይሆናል?»

«ምኑ?»

«ጥምጣምህ።»

«አያ፣ እኔ እኮ ሙሽራ ነኝ።»

«ካልደረስህ ሙሽራ አይደለህም።»

ኸሊፋ ጥምጣሙን ፈታ። ስምንት ክንድ ነጭ ሻሽ ጎማው ውስጥ ተጠቅጥቆ ገባና ጉዞው ቀጠለ።

ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በግራው በኩል አዲስ የተቆረጠ ዝንጣፊ ተጋድሟል፤ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም።

«ተዘግቷል፣ አያ። በቀኙ ይሂዱ።»

«የእግረኛ ወግ ነው» አሉና ዝንጣፊውን በእግራቸው ገፍተው በግራው ወረዱ።

ቁልቁለቱ ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ኬላ አለ። ዝንጣፊውን ያጋደመው ሰው ሊነግራቸው የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ጣሊያን ያን ሰሞን አዲስ ኬላ አቁሞ፣ መንገዱን በግንድ ዘግቶ፣ «አስካሪ» የሚባሉትን ጥቁር ወታደሮቹን ጠመንጃ አስይዞ አሰልፏል። አያ እንግዳው እግራቸውን ጎማው ላይ ጫኑ። ጫማው ጨሰ፤ ቢስክሌቱ ግን እንደፈለገው ይወርዳል።

«አያ፣ ያቁሙት እንጂ።»

«እሱን ለበቅሎዋ ንገራት» አሉ አያ እንግዳው፣ ደወሉን ያለማቋረጥ እየደወሉ።

በዚያ ወራት ግን በጣሊያን መንገድ ላይ በቢስክሌት የሚሄድ የሹማምንቱ ደብዳቤ አድራሽ ብቻ ነበር፤ ለእርሱ ደግሞ ኬላ አይዘጋም። ዘብ የቆመው አስካሪ ደወሉን ሰማ፤ አቧራውን አየ፤ ከኋላ ጥቅል ታቅፎ የተቀመጠውን ነጭ ለባሽ አየ። ጥቂት አመነታ። ከዚያ ሮጦ ግንዱን አነሳና ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ። ኸሊፋ የሚያደርገው ቢጠፋው እጁን አንስቶ ሰላምታውን መለሰ። ከኋላቸው አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ከኬላው ወዲያ ያለው ጣሊያን የደለደለው የጠጠር መንገድ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሽንፋ ይገባል።

«አላልሁህም?» አሉ አያ እንግዳው። ደወሉን መደወል ገና አላቆሙም ነበር።

ሐጂ ኢሳ ግቢ ሲደርሱ ሶላቱ አልቆ፣ የተጠሩት ሰዎች ተነስተው ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር። ሐጂ ኢሳ ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ጀለቢያው ጠይሟል፤ ራሱ ባዶ ነው።

«ባዶ ራሱን የመጣ ሙሽራ አይቼ አላውቅም» አሉ።

ኸሊፋ ራሱን በእጁ ሲዳብስ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ያው ሳቅ ነው። ወዲያው የሙሽሪት አክስት ዋሲላ አዲስ ነጭ ሻሽ ይዛ ወጣች።

«መጂዳ ይሄን ይጠምጥም ብላለች» አለች።

ሐጂ ኢሳ ሻሹን አዩ፤ የልጃቸውን በር አዩ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረው «ተቀመጡ» አሉ። ኒካሑ ታሰረ። ኸሊፋ እንባው መጣ፤ አላፈረበትም።

ከምግቡ በኋላ አያ እንግዳው ጥላ ሥር በሰው ተከበው መንገዱን መሬት ላይ በእንጨት እየሣሉ ያስረዱ ጀመር። «እዚህ ላይ ኬላ አለ፤ ይከፈትልሃል» ይላሉ። ኸሊፋ ለብቻቸው ጠርቶ ገለል አደረጋቸው።

«እውነቱን ይንገሩኝ፣ አያ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ መጥተዋል?»

አያ እንግዳው ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዛሬ ገና ነው።»

«ሽንፋንስ?»

«ስሟን አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አውቃለሁ አሉኝ?»

«አላውቅም ብልህ ትነሳ ነበር?»

ኸሊፋ ብዙ ሊናገር አፉን ከፈተ። ስለ አሰበች፣ ስለ ቀብሩ፣ ስለዚያ ግንድ የሚለው ሞልቶት ነበር። ግን እኒህን ሰው እንደሚወዳቸው፣ ድሮም ይወዳቸው እንደነበር ታወቀው።

በዚህ መካከል ሐጂ ኢሳ መጡ።

«ነገ ልጄን ይዘህ ስትመለስ በዚህ ጫካ እንዳትጠፉ» አሉ። «እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሁለት መሪዎች አሉኝ፤ ይምሩህ።»

አያ እንግዳው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ሐጂ» አለ ኸሊፋ። «መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዤ ነው የመጣሁት።»