አደራይትና የኦቦ ገመቹ ዶሮ

ሥራ የፈታ ሰው ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ከሚስቱ ይጣላል። አንዳንዱ ያልተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ያበላሻል። እኔ አማልክት ፈጠርኩ። አትሳቁ እንጂ! በማስተር ፕላኑ ግርግር ጊዜ ቡራዩ ውስጥ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቤቴ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ስል እንዲሁ አፌ ነው፤ መቀመጥ የት ተችሎ! ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር። ወንበሩ እኔን ሳያይ ከረመ።

ታዲያ እየተንጎራደድኩ ልብ ወለድ ጀመርኩ። የሌለ አገር፣ የሌሉ አማልክት። ዘጠኝ ናቸው። (ባለቤቴ ክርስትናዬን ተጠራጥራ ነበር፤ ቅዳሴ አላስታጎልኩም፣ ይመዝገብልኝ።) የዝናቡ አምላክ እንቅልፋም ነው። የገበያው አምላክ ቀጣፊ ነው፤ እሱን የጻፍኩት ከሱሉልታ ድንች ገዝቼ በመጣሁ ማግስት ነው፣ ከላይ ደህና ከሥር ብስብስ። ከሁሉ የምወዳት ግን የታማኝነትና የግዴታ እንስት አምላክ ነበረች። መጀመሪያ “አዳሪት” ብዬ ሰየምኳት። ባለቤቴ ዘነቡ ሰማችና “ሴተኛ የሚለው ጎደላት እንጂ ጥሩ ስም ነው” አለችኝ። ወዲያው ሰርዤ “አደራይት” አልኳት።

አደራይት ዙፋን የላትም። ሌሎቹ ሲቀመጡ እሷ ትቆማለች፤ የተቀመጠ ይረሳል ባይ ናት። ሕጓ አንድ ነው፦ እጅህ የገባ የሰው ነገር፣ ባለቤቱ መጥቶ “ተቀበልኩ” እስኪልህ ድረስ ከእጅህ አይወጣም። አደራ የበላ ሰውማ ወዮለት! ሆዱ የበላውን ነገር ድምፅ እያወጣ ያጋልጠዋል። በግ የበላ እንደሆነ፣ ጉባኤ መሀል ሆዱ “ባ!” ይላል። “አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ” ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ሰማዩን አቀረብኩት።

ይህን ሁሉ ለምን አወራላችኋለሁ? በዚያ ሰሞን ታማኝነት የማይጠይቅህ ሰው ስላልነበረ ነው። ጠዋት የቀበሌው ሰው ይመጣና፣ ስብሰባ ካልወጣህ ከማን ጋር ነህ ይልሃል። ከሰዓት ወጣቶቹ ይመጡና፣ ከወጣህ ከማን ጋር ነህ ይሉሃል። እኔ ከማን ጋር ነበርኩ? ከአራስ ጋር! ዘነቡ የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ ገና በአሥረኛው ቀን ነው መንገዱ የተዘጋው። ገበያ የለ፣ ሱቅ የለ፣ ኔትወርክ የለ። ተኩስ በተሰማ ቁጥር ልጅቷን አቅፋ ግድግዳው ሥር ኩርምት ትላለች። እኔም በሩ ላይ እቆማለሁ። ቆሜ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም።

መንገዱ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ነው ኦቦ ገመቹ የመጡት። ጎረቤታችን ናቸው፤ ቡራዩ ከተማ ሳትባል ጀምሮ እዚያው ያረሱ ሽማግሌ። ማሳቸው ላይ ቀያሾች ችካል ከተከሉ ወዲህ እሳቸውም እንደ እኔ መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ ሲነጋ ችካሉን አይተው ይመጣሉ፣ ሲመሽ አይተው ይመጣሉ። በዚያ ላይ ጫንጮ ያለው ወንድማቸው ታመመ ተባሉና ሊሄዱ ተነሱ። የሚጭናቸው አይሱዙ መንገድ ዳር ቆሞ ጥሩምባውን ያንባርቃል። ኦቦ ገመቹ እየሮጡ መጡ፤ በአንድ እጃቸው የቤታቸው ቁልፍ፣ በሌላው ቀይ ዶሮ። ሁለቱንም እጄ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

“ባርሲሳ!” አሉኝ፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው። “ቤቱን እይልኝ። ኛቺሲ! አብላት፣ አደራ!”

ኛቺሲ ያው አብላ ነው። በሁለት ቋንቋ አዘዙኝ፣ በአደራ አሰሩኝ፣ መኪናው ላይ ተንጠላጥለው ሄዱ። እኔም ዶሮዋን እንደ ታቦት አቅፌ ገባሁ። አደራይት ናታ፣ ልትፈትነኝ ዶሮ መስላ የመጣች!

አበላኋት። እንዴት ያለ አበላል! ዶሮ መቼም ጠግቤያለሁ አትልም። መጀመሪያ ጓዳ የቀረውን ስንዴ ጨረሰች። ቀጥላ ለዘነቡ አጥሚት ያስቀመጥነውን ገብስ ጀመረች። እንቁላል ስትጥል እንቁላሉን አልነካሁም፤ የአደራ ልጅም አደራ ነው ብዬ በሰፌድ ላይ ደረደርኩት። ዘነቡ አልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች። በሳምንቱ ጡቷ መንጠፍ ጀመረ። ልጅቷ ትጠባለች፣ ታጣለች፣ ትጮኻለች። የዚያን ለቅሶ ነገር አታንሱብኝ።

“እረዳት” አለችኝ ዘነቡ። “እባክህ፣ መረቋን ብቻ ልጠጣ። ሰውየው ሲመጡ እንተካላቸዋለን።”

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ስለ አደራይት ሕግ አስረዳኋት። ቆሜ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ልክ ክፍል እንደማስተምር! ሰምታ ሰምታ፣ “ያቺ ያንተ አምላክ አራስ ሆና ታውቃለች?” አለችኝ። መልስ ያጣ አስተማሪ ምን ያደርጋል? ጥያቄው ከትምህርቱ ውጭ ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ስወጣም ዶሮዋን ታቅፌ ነው፤ ዘነቡ ቢላዋ አታጣማ። አንድ ቀን ባለሱቁ ሐጂ ሱልጣን የተዘጋ ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው ስኳር አቀበሉኝ። ብብቴ ሥር ዶሮዋን አዩና፣ “ለአራሷ ነው?” አሉኝ። አደራ ናት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ያደነቁኝ መሰለኝ፤ ቀና ብዬ ሄድኩ።

አንድ ጠዋት ግን አልቻልኩም። ልጅቷ ድምፅዋ ሰልሎ፣ ለቅሶዋ ራሱ ቀጥኖ ነበር። ቢላዋ ስዬ ዶሮዋን ጓሮ አወጣኋት። ክንፏን ረገጥኩ። ልክ ቢላዋውን ሳነሳ ሆዴ “ቋ!” አለ። ማርያምን! የረሃብ ጩኸት ነው፤ እኔም ከበላሁ ቆይቻለሁ። ግን በዚያ ሰዓት ይህን ማን አስቦት! ቢላዋውን ወርውሬ ዶሮዋን ይቅርታ ጠየቅኳት። ዘነቡ በመስኮት አይታኝ ኖሯል፤ መስኮቱን ዘጋችብኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሁለት ሳምንቱ መንገዱ ተከፈተና ኦቦ ገመቹ መጡ። ወንድማቸው ተሽሎታል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በሩ ላይ ቆሜ ቁልፉን በሁለት እጄ አቀረብኩ። ቀጥዬ እንቁላሉን። በመጨረሻ ዶሮዋን። ወፍራ መራመድ አቅቷታል።

“ተቀበልኩ ይበሉኝ፣ ኦቦ” አልኳቸው።

ኦቦ ገመቹ ዶሮዋን አዩ። አልፈውኝ ገብተው ዘነቡን አዩ፤ ጉንጯ ጎድጉዷል፣ አንገቷ ሰልሏል። እንደገና ዶሮዋን አዩ።

“ባርሲሳ፣ አብላት አላልኩህም?”

“ይኸው አብልቻታለሁ!” አልኩ።

“ማንን?”

ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው፣ “አራስ ቤት ባዶ እጅ አይመጣም ብዬ፣ ገብቼ እንዳልጠይቃት መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ሆኖ፣ ዶሮዋን ለሚስትህ አብላት አልኩህ። አደራ ያልኩህ ልመና ነው!” አሉ። አደራው ቁልፉ ነበር። ዶሮዋ የአራስ መጠየቂያ ነበረች። አገር ያወቀውን ወግ፣ አሥር ጊዜ አራስ ቤት ዶሮ ሲገባ ያየሁትን እኔን፣ ከራሴ የወለድኳት አምላክ አሳወረችኝ።

ይህን ጊዜ ዘነቡ ካልጋዋ ቀና አለች። “ለዶሮ እኮ ጥሬ ይበተንላታል” አለች። “አብላት የሚባለው ለሰው ነው። ያውም የአማርኛ አስተማሪ!”

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከሽማግሌው በላይ ያፈርኩት ልጄን ነው፤ የእሷን ወተት ነበር ለዶሮ ስበትን የከረምኩት። ኦቦ ገመቹ ዶሮዋን ራሳቸው አረዱ። እኔ እንዳልቀምስ ማሉ፤ “አንተ አደራ በላ!” ብለው ከጓዳ አባረሩኝ። ዘነቡ መረቁን ጠጣች። በማግስቱም ጠጣች፣ እንቁላሉንም በላች። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ጠብታ፣ ጠግባ፣ አገሳች። እኔ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ልጽፍ ስነሳ አደራይትን በርጩማ ላይ አስቀምጬያታለሁ። ቆሞ የሚንጎራደድ ሰው ሁሉን አይሰማም። ቤታችንም “አደራ” ስባል መጀመሪያ “ማንን?” ብዬ እጠይቃለሁ፤ ልጄ እንኳን አድጋ፣ ሆን ብላ “አደራ” እያለች እየሳቀች ታስጠይቀኛለች። አደራ በልቶ አደራ በላ የተባለ ሰው አገሩ ሙሉ ነው። ሳይበላና ሳያበላ አደራ በላ የተባለውን ማየት ከፈለጋችሁ ግን፣ ቡራዩ መጥታችሁ የዶሮዋ አስተማሪ በሉ፤ ቤቴን ያሳዩዋችኋል።