ከታፔላው ወዲያ በእግር ክልክል ነው

(የባሕር ዳርቻ፣ ጠዋት። አለቃ፣ ማለትም የዳርቻው ደንብ አስከባሪ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያዛል። ቆፋሪ እስከ ጉልበቱ ጉድጓድ ገብቶ የታፔላ ምሰሶ አቅፎ ይዟል። ሁለቱም ከታፔላው ወዲያ፣ በውሃው በኩል ናቸው፤ የመሥሪያ ቤቱ መኪናም አጠገባቸው ቆማለች፤ ከኋላዋ ሲሚንቶ የተመላለሰባት ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ተጭናለች። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን አሸዋ በእግራቸው ረግጠውት አያውቁም። አለቃ ግን ደንቡ ልክ እንደሆነ እርግጠኛ ነው፤ ባለፈው ዓመት በተሻረውም እርግጠኛ ነበር።)

አለቃ፦ ዘሟል አልኩህ!

ቆፋሪ፦ እርስዎ አንገትዎን አዘንብለው እያዩት ነው፣ አለቃ።

አለቃ፦ ሃያ ዓመት ታፔላ ያየሁበት አንገት ነው! ወደ ግራ ሳብ!

ቆፋሪ፦ በእርስዎ ግራ ነው በእኔ?

አለቃ፦ በመሥሪያ ቤቱ ግራ!

ቆፋሪ፦ (ምንም ሳይነካ) አሁንስ?

አለቃ፦ አየህ፣ ቀጥ አለ! ካልነገሩህ አንድ ነገር አትሠራም።

ቆፋሪ፦ ለመሆኑ ምን ይላል? ንባብ ላይ ትንሽ ዝግ እላለሁ።

አለቃ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) «በጋው እስኪያልቅ ከዚህ ወዲያ ለተሽከርካሪ ብቻ። እግረኛ መግባት ክልክል ነው።»

ቆፋሪ፦ እግረኛው ምን በደለ?

አለቃ፦ ለደኅንነቱ ነው እንጂ! መኪና እንዳይገጨው።

ቆፋሪ፦ መኪናው ባይገባስ?

አለቃ፦ ታዲያ ማን ይገጨዋል? ደንቡስ ከምን ያድነዋል? አእምሮህን አሠራው እስቲ!

ቆፋሪ፦ እናቴ ጉልበቷን የምትነክረው እዚህ ነው። ሐኪሙ «የባሕር ውሃ፣ በየቀኑ» ብሏታል። ዛሬም እየመጣች ነው።

አለቃ፦ ክረምት ሲገባ ትምጣ። ክረምቱ የእግረኛ ነው።

ቆፋሪ፦ በክረምት ማዕበሉ ሰው ይወስዳል።

አለቃ፦ እሱ የማዕበሉ ጥፋት ነው። ካልሆነ መኪና ትግዛ!

ቆፋሪ፦ እናቴ? እንኳን መኪና፣ ምርኩዟም የጎረቤት ናት።

አለቃ፦ መኪና ባይሆን ሌላ! ደንቡ ሰፊ ነው። ጎማ ያለውና የሚንከባለል ሁሉ ተሽከርካሪ ነው።

ቆፋሪ፦ (ቀስ ብሎ) ጎማ ያለውና የሚንከባለል ሁሉ...

አለቃ፦ አትድገምብኝ፣ አይገባህም። ያቺን ሚስማር ምታ። እሷ እንደገባች ደንቡ ይጸናል። ማማው ላይ ላለው ዘበኛ ነግሬዋለሁ፤ በእግሩ የታየ ሁሉ ፊሽካ ይነፋበት፣ ስሙ ይመዝገብ፣ እኔም ብሆን እንዳትራራ ብዬዋለሁ!

ቆፋሪ፦ እርስዎም ቢሆኑ?

አለቃ፦ ሕግ ፊት አይቶ አያደላም!

(ቆፋሪ ሚስማሩን መታ። አለቃ ውሻ እንዳባረረው ሰው ዘሎ መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ ቆፋሪም ተከተለ። አለቃ ሊያዞራት ወደ ውሃው ጠጋ ሲያደርጋት አሸዋው እስከ ሆዷ ዋጣት። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው አሸዋ ይዝቃል።)

ቆፋሪ፦ እርስዎም ቆፋሪ ሆኑ፣ አለቃ።

አለቃ፦ ዝም በል!

ቆፋሪ፦ ጎማው ትንሽ ቢተነፍስ፣ አሸዋው ላይ ሰፋ ብሎ...

አለቃ፦ ጎማ ማስተንፈስ የዱርዬ ሥራ ነው! ነዳጅ ስትጠግብ ራሷ ትወጣለች።

(ነዳጅ ረገጠ። ይባስ ገባች።)

ቆፋሪ፦ ውሃው እየመጣ ነው።

አለቃ፦ አይቻለሁ! በቃ በእግራችን... (አንድ እግሩን አሸዋው ላይ አሳረፈ። ከማማው ፊሽካ ጮኸ። እግሩን ፍም እንደረገጠ ሰው ሰበሰበ።) ይሄ ደደብ!

ቆፋሪ፦ ኧረ ታማኝ ነው! ያዘዙትን ነው የሠራው።

አለቃ፦ የእኔ ስም፣ በራሴ መዝገብ ላይ! ሰው ምን ይለኛል?

ቆፋሪ፦ ያው እስከ ዛሬ የሚለውን ነዋ።

አለቃ፦ ምን ይላል?

ቆፋሪ፦ ውሃው ጎማው ጋ ደረሰ።

አለቃ፦ በናትህ፣ ወንድሜ፣ አንድ መላ በል!

ቆፋሪ፦ ዛሬ ዘመድ ሆንን? እንግዲህ... ጋሪዋ ጎማ አላት። አንድ ብትሆንም ትንከባለላለች።

አለቃ፦ ተሽከርካሪ ናት! እኔው ነኝ የተናገርኩት! በል ጫነኝና ግፋ።

ቆፋሪ፦ እኔስ? የሚገፋው በእግሩ ነው።

አለቃ፦ አንተማ ሹፌር ነህ! ሹፌር እግረኛ ነው እንዴ?

ቆፋሪ፦ እኔ ዝግ ያልኩ ሰው ነኝ። ካልተጻፈ አይገባኝም።

አለቃ፦ ውሃ እየበላን ወረቀት ትለኛለህ?

ቆፋሪ፦ ማኅተሙ ደረት ኪስዎ ውስጥ አይደል? ውሃው እዚያ እስኪደርስ ጊዜ አለን።

አለቃ፦ (ጉልበቱ ላይ እየጻፈ) «የእጅ ጋሪ ተሽከርካሪ ነው፤ የሚገፋውም ሹፌር ነው...»

ቆፋሪ፦ «ማንንም ጭኖ፣ በጋውን በሙሉ።»

አለቃ፦ «...ማንንም ጭኖ፣ በጋውን በሙሉ።» (ማኅተሙን ደበደበው።) እንካ! አውጣኝ!

(ቆፋሪ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ፤ መሬት ሳይረግጥ ወደ መኪናዋ ኋላ ተሻግሮ ጋሪዋን አወረደ፤ እጀታዋን እንደጨበጠም ወረደ። አለቃ ሲሚንቶ ትራፊ ላይ ጉልበቱን እስከ አገጩ አጥፎ ተቀመጠ። «ተሽከርካሪ ነው! ማኅተም አለው!» ብሎ ወደ ማማው ጮኸ። ዘበኛው ፊሽካውን ከአፉ አውርዶ ሰላምታ ሰጠ። ታፔላውን አለፉ።)

አለቃ፦ (እየወረደ) እዚያ የቆሙት እናት ምን እያሉ ነው?

ቆፋሪ፦ እናቴ ናት። «ምስኪን! የሱ ጉልበት ከኔም ብሷል፤ ቀድሞ እሱ ይነከር» እያለች ነው።

አለቃ፦ ደህና ነኝ በላት! አንተ ሩጥ፣ ትራክተር ጥራ።

ቆፋሪ፦ ምን ያደርጋል? ውሃው ሞተሩ ጋ ሳይደርስ ጎማዋን አስተንፍሼ አወጣታለሁ።

አለቃ፦ ማውጣት ትችል ነበር?!

ቆፋሪ፦ ነግሬዎት ነበር። የዱርዬ ሥራ ነው አሉኝ።

አለቃ፦ ሁለተኛ አትነግረኝም ነበር?!

ቆፋሪ፦ ሁለተኛ ብነግርዎ በመኪና ይወጡ ነበር። እናቴ ታዲያ በምን ትገባለች? ነይ እማዬ፣ ቁጭ በይ።

(አለቃ ወረቀቱን ሊነጥቅ አንድ እርምጃ ከታፔላው ወዲያ ገባ። ፊሽካው ጮኸ።)

ቆፋሪ፦ ገለል ይበሉ፣ አለቃ። እግረኛ ነዎት፣ እንዳልገጭዎት።