ዛፉ ምድር ቤት ገባ

ሠራተኛውን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ካለ፣ ስልከኛዋ የምትሠራበት ነው። ባለፈው ዓመት ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባት ከምሳ እስከ ማምሻ ብቻዋን ስትጮህ የዋለች ጊዜ፣ ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ራሳቸው እሷ ድረስ መጥተው ሊፍቱ ምንም እንዳልተጎዳ አረጋግጠውላታል። እንዲህ ያለ አለቃ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ በር ሲዘጋ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የስልክ ክፍሏን በር እንዳይዘጋ በወንበር አስደግፋ ትውላለች፤ ቤቷም መታጠቢያ ቤት ስትገባ በሩን ገርበብ አድርጋ ባሏ ጀርባውን ሰጥቶ ዘብ ይቆማል። ነፍሷ መለስ የሚለው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ግቢው መሀል ያለው ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ቅርንጫፎቹን በእርሳስ ስትሞነጫጭር ብቻ ነው። ያቺ ሰዓት ባትኖር ሥራዋን ትታ ቤቷ በተቀመጠች ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ታዲያ ከዘመኑ ወደ ኋላ እንዳይቀር የሥነ ልቦና አማካሪ ጠራ። አማካሪዋ ስልከኛዋን ዛፉ ሥር አዋርታ፣ ሥዕሏንም አይታ፣ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«የደረሰባትን የሚያስታውስ ቦታ አያስገቧት» አለች። «ምርጫው የእሷ ይሁን። ሥዕሉም ዛፉም እየጠቀሟት ነው።»

«ዛፍ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«አዎ፣ ዛፍ።»

«ሥዕልም?»

«ሥዕልም። እንዳለ ይተዉላት።»

«በቃ፣ ተግባብተናል።»

በእርግጥም ተግባብተው ኖሮ ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ፣ ዛፍ ደጅ መቆሙ ከአቧራና ከወፍ ኩስ አንጻር ለሕክምና ክብር የማይመጥን ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ዛፉ ተቆርጦ ግንዱ ምድር ቤት ወዳለው መስኮት አልባ መጋዘን ገባ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለነበር ተፈጥሮ በመጋዝ ትንሽ ተስተካከለች። ግድግዳው አረንጓዴ ተቀባ፤ ግንዱ ላይ የፕላስቲክ ቅጠል በሚስማር ተመታ። በሩም ለምስጢር ጥበቃ ሲባል ብረት ሆነ፣ እሱም አረንጓዴ ተቀባ።

ስልከኛዋ ምሳዋን ይዛ ስትወጣ ያገኘችው ጉቶ ነው። ቆማ አለቀሰች። ይህን ያየው የኮሚቴው ሰብሳቢ «ፈውሱ ገና ሳይመረቅ መሥራት ጀምሯል» ሲል ለበላይ አስታወቀ።

በምርቃቱ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ምድር ቤት ወረደ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው» ብለው ሥራ አስኪያጁ ንግግር ጀመሩ። መድኃኒቱን ስለደበቀ ሰው አበው ያሉት ነገር የለም። ንግግሩ እንዳለቀ ወደ ስልከኛዋ ዞሩ።

«ግቢ እንጂ ልጄ። ምርጫው የአንቺ ነው፤ ብቻ ፎቶ አንሺው እየጠበቀ ነው።»

«ጋሼ፣ በሩ ክፍት ይሁንልኝ።»

«ምን ያስፈራል? እኔ ልቅደምና ልይልሽ።»

ብቻቸውን ገቡና በሩን ዘጉት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና በሩ ከመቃኑ ተጣብቆ ወይ ፍንክች አለ። መጀመሪያ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ትእዛዝ፤ ኋላ ደግሞ ልመና። ኮሚቴው መፈልቀቂያ ፍለጋ እግሬ አውጪኝ ሲል፣ በሩ ሥር የቀረችው ስልከኛዋ ናት። ወደ ብረቱ ተጠጋች።

«ጋሼ፣ እዚሁ ነኝ። ቀስ ብለው ይተንፍሱ። የትም አልሄድም።»

እሷ ሊፍት ውስጥ ሳለች እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ይህን እያሰበችም በሩ ተፈልቅቆ ሰውየውን ጎትተው እስኪያወጧቸው ድረስ ንግግሯን አላቋረጠችም።

ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁ የቢሮአቸውን በር መዝጋት አቃታቸው። ምሳቸውንም ይዘው ግቢ ወጡና ጉቶው ላይ ተቀመጡ። ስልከኛዋ ተቀድማ አጥሩ ጥግ ቆማ ትበላለች። ፀሐይዋ መላጣቸውን መለብለብ ስትጀምር በእጃቸው ጠሯት።

«እኔ የምልሽ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚህ ስትቀመጪ እንዴት ቻልሽው? ጥላ እንኳ የለውም እኮ።»

ስልከኛዋ ጉርሻዋን ዋጠች።

«ጥላውማ ምድር ቤት ነው ጋሼ። ይግቡ፤ በሩን እኔ እዘጋልዎታለሁ።»