የጠላቂው ጓዝ

የሰጡትን መመለስ የማይችል ሕዝብ ካለ እኛ ነን። ሰው ቤት ሄደን ጠግበን ሳለ “በሞቴ” ሲሉን ሌላ ጉርሻ እንውጣለን፤ የማይሆነንን ሸሚዝ ስጦታ ስለሆነ ብቻ ለብሰን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ “አማረብኝ” ብለን እንልካለን። ይሉኝታ በየብስ ላይ እምብዛም አይጎዳም፤ ቢበዛ ሆድ ይነፋል። ባሕር ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። “ባሕር የሌለው አገር ሰው ስለ ባሕር ምን አገባው?” ካላችሁኝ እውነታችሁን ነው። እኔ ዋና አልችልም። ነገር ግን እዚሁ ዶሃ፣ አል ሙንተዛህ፣ የጠላቂዎች ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ፣ ሰው ምን ለብሶ ወደ ጥልቅ ውሃ መውረድ እንዳለበት ስመክር ስድስት ዓመት ሞላኝ። እንጀራ የማያናግረው የለም።

ወደ ጥልቅ የሚወርድ ሰው ዕቃ ሲመርጥ ደንቡ ማሳነስ ነው። ኪስ የበዛበት ወፍራም ጃኬት አይሆንም፤ ጀርባ ላይ የሚያርፍ ጠፍጣፋ ብረትና አንድ ወጥ ማሰሪያ ይበቃል። የአየር ቱቦው ከገላ ጋር ይለጠፋል፣ ትርፍ የእጅ ባትሪው ከማሰሪያው ጋር ጠብቆ ይታሰራል፤ የሚንጠለጠል ነገር ከተገኘ ቤት ይቀራል። የሰመጠ መርከብ ሆድ ውስጥ ያለው ገመድና ሽቦ የተንጠለጠለውን ሁሉ ይይዛላ! ከዚያ ጥልቀት ደግሞ በድንጋጤ ዘሎ መውጣት የለም። ይህን ለእንግሊዙም ለዓረቡም አስረድቼ አሳምኛለሁ። ያቃተኝ የራሴን ሰዎች ማሳመን ነው።

ታምራት የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ያደገ። አርብ አርብ በአንድ የጸሎት ኅብረት እንገናኛለን። እንግዶችን ወደ ሰመጡ መርከቦች በሚያወርድ ድርጅት ውስጥ፣ የሌሎችን ዕቃ ከጨው እያጠበ አራት ዓመት ሠራ። ፊሊፒናዊው አሠልጣኝ አንድ ቀን ሲዋኝ አይቶት ወደደውና በነፃ አስተማረው። የመጨረሻውን ፈተና ካለፈ ረዳት ጠላቂ ሆኖ ሊቀጠር፣ ካላለፈ ግን የአጣቢነቱ ሥራ ሊዘጋ ስለሆነ ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሲያበቃ ወደ አገር ቤት ሊመለስ ነው። እናቱና ሁለት እህቶቹ የሚኖሩት እሱ በሚልከው ነው። ለፈተናው የራሱን ዕቃ መርጦ መቅረብ ነበረበት።

ኅብረቱ ይህን ሲሰማ “ዕቃው በእኛ ይሁን” አለ። እኔም ባለሙያ ነኝና ዝርዝር አወጣሁ። ዝርዝሩ አጭር ነበር። አስተባባሪያችን እህት አስቴር፣ ሉሰይል ሰው ቤት የምትሠራው፣ ወረቀቱን ገለባብጣ አየችው።

“ይሄ ብቻ? ወንድማችንን ራቁቱን ልንሰደው ነው?”

“እህቴ፣ ሲያንስ ነው የሚሻለው።”

“ተው እንጂ! ሹግል እኮ ነው፣ ሥራ! ሰው እንዳለው ይወቁለት!”

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው። ጠፍጣፋው ብረት ቀረና ባለ ስምንት ኪስ ጃኬት መጣ። በገመድ የሚንጠለጠሉ ሁለት ባትሪዎች፣ እግር ላይ የሚታሰር ቢላዋ፣ ፊሽካ፣ ቢጫ ቦርሳ ተከተሉ። አንዷ እህታችን ከማዳሟ በስንት ልመና ባገኘችው የአንድ ሰዓት ፈቃድ ወጥታ ነው ባትሪውን የገዛችው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኛ ሃምሳ ሆነን ሎሚያችንን ሁሉ አንድ ሰው ላይ ቆለልነው። ጃኬቱን የሸጥኩላቸው ደግሞ እኔው ነኝ፣ ያውም በቅናሽ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ፈተናው አርብ ጧት ስለነበር ከኅብረቱ ፈቃድ ያገኘው ሁሉ ጃንጥላውን ይዞ ባሕሩ ዳር ተሰለፈ። አሠልጣኙ ታምራትን ከላይ እስከ ታች አየው።

“ያላ፣ ይሄን ሁሉ አውልቅ። እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?”

ታምራት ወደ ዳር ተመለከተ። ባትሪውን የገዛችው እህት በሁለት እጇ ታውለበልባለች።

“ችግር የለም ማስተር፣ ኢንሻአላህ” አለ።

“ዕቃ መምረጥም ፈተና ነው። ውሳኔው ያንተ ነው።”

ነጠላ ጫማውን ይዤለት አጠገቡ ነበርኩ። ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ “እንዴት ላውልቀው? እያዩኝ እኮ ነው” አለኝ። “አውልቀው” ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ “አይዞህ” አልኩት።

የሆነውን አሠልጣኙ በኋላ ነገረኝ። ከታች ለልምምድ የተሠራ ጠባብ መተላለፊያ አለ። የባትሪው ገመድ ብረቱን ያዘ፤ ሊያላቅቅ ሲዞር የጃኬቱ ኪስ ተያዘ፤ ቢላዋውን ሊያወጣ ሲያጎነብስ እጁ አልደርስ አለው። አየሩን በድንጋጤ ጨረሰው። አሠልጣኙ የራሱን አየር አጉርሶት፣ ገመዱን ቆርጦ አወጣው። ልጁ ተረፈ፤ ለዚህስ ጌታ ይመስገን።

ዳር የቆሙት ግን ይህን ከየት ይወቁ? ጭንቅላቱ ከውሃ ብቅ ሲል እልልታቸውን አቀለጡት። አሠልጣኙ “ታምራት፣ ኸላስ፣ አበቃ” ብሎት ፊቱን አዞረ። ታምራት እየሳቀ እጁን አውለበለበላቸው።

ከወር በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘነው። መቼም ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ እሽግ የማይልክ የለም፤ ሁሉም “ለእናቴ፣ ለእህቴ፣ ትንሽ ነች” እያለ ሰጠው፤ እሱም “እሺ፣ አደርሳለሁ” እያለ ተቀበለ። ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ከበደ፤ ሠራተኛዋ “ቀንስ” አለችው። ተንበርክኮ ከፈተውና ለእናቱ የገዛውን ብርድ ልብስ አውጥቶ “አንተ ጋ ይቀመጥልኝ” አለኝ። እኔም ብርድ ልብሱን ታቅፌ ቆሜ፣ ለወንድሜ የላክሁት ጫማ እሽግ ላዩ ላይ እያየሁት፣ ሻንጣውን ሲዘጋ ረዳሁት።