አንደኛ ወረፋ የያዘው ነፋስ

ወረፋ የእኛ ብቻ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ሲያትል መጥቼ፣ ከሰልፍ ተገላገልኩ ብዬ እፎይ ባልኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ነፋስም ወረፋ እንደሚይዝ አወቅሁ። አትሳቁ። ላስረዳችሁ፤ ማስረዳት እወዳለሁ፣ ያልተጠየቅሁትን ጭምር።

በስተምሥራቅ ያለውን ተራራ ስትሻገሩ ዝናቡ ያበቃና ነፋሱ ይጀምራል። እዚያ ተርባይን ቢተከል ኤሌክትሪክ ይገኛል። ችግሩ፣ ነፋሱ ያለበት ቦታ ሰው የለም፤ ሰው ያለበት ቦታ ነፋሱ የለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ የከፍተኛ ኃይል መስመር ነው። መስመር ደግሞ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ ወንበሩ ከሞላ ሞላ (ታክሲው እንኳ ተጠጉ ይላል፣ ሽቦው ይቃጠላል)። ስለዚህ "የታዳሽ ኃይል ቀጠና" ሲታቀድ ትልቁ ራስ ምታት ተርባይን መምረጥ አይደለም፣ ማን መጀመሪያ ይሳፈር የሚለው ነው። ቀድሞ ያመለከተ ቀድሞ ይቀጠላል። የኋለኛው ማመልከቻ የሚጠናው፣ የፊተኛው ተሠርቶ እንዳለቀ ተቆጥሮ ነው። ይህችን ያዙልኝ። ጀርባዬን ያቀዘቀዘችው እሷ ናት።

የምሠራው መሃል ከተማ፣ ይህን ቀጠና በሚያቅድ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነበር። ሥራዬ ካርታ ማቅለምና ፋይል መደርደር ነበር። የቀረውን ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት ራሴን አስተማርኩ። ስልኩን የምትይዘው ከሾርላይን የምትመላለሰው ሰናይት ነበረች። ወላጆቿ ኤርትራውያን፣ ያደገችው አዲስ አበባ፣ "አንዴ ይጠብቁ" የምትለው በሦስት ቋንቋ።

ሁለተኛ ወረፋ ላይ ያሉት ጋሽ ዘለቀ ናቸው። አገር ቤት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ፤ እዚህ ኤቨረት፣ አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ሽቦ ይጠቀልላሉ። ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ኮረብታ ተኮናትረዋል፤ መስመሩ ላይ ቦታ ካላገኙ ውሉ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። እንደገና መሐንዲስ የሚሆኑባት ዕድል ይቺው ናት። ማመልከቻቸው ላይ "ተጨማሪ ስልክ" በሚለው ቦታ፣ ሰው አይጠፋበትም ብለው፣ ሬኒየር ቫሊ ያለውን የቤቴን ቁጥር ሞልተውታል። አለቃዬ አያውቅም። እናንተም አትንገሩት።

አንደኛው ማነው? ከተራራው ወዲያ ያለ አንድ ሽማግሌ ገበሬ። መሬቴ ላይ ተርባይን እተክላለሁ ብሎ ከሁሉ ቀድሞ አመለከተ፣ ከዚያ ዝም። ደብዳቤ ስንልክ መልስ አይመጣም፤ ደብዳቤውም አይመለስም። ሰናይት ሰኞ ሰኞ ኮል ታደርጋለች፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ኮምፒውተራችን ውስጥ ግን የሰውዬው ተርባይኖች ሲሽከረከሩ ይውላሉ። ያልተተከሉ ተርባይኖች፣ ባልነፈሰ ነፋስ፣ እውነተኛውን መስመር እስከ አፍንጫው ሞልተውታል።

ይህን ለጋሽ ዘለቀ ሳስረዳ፣ "ይኼማ ድንጋይ ነው" አሉ።

እንደነገሩኝ፣ አገር ቤት ቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ መቆም ስለማይችል በቦታው ድንጋይ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ጎረቤታቸው ድንጋዩን አስቀምጦ ሄደ፣ ሞተ። ድንጋዩን የሚያነሳ ግን ጠፋ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ያለው ሰው ሳያይ በእግሩ ገፋ ያደርገዋል። ሰውዬው ከተቀበረ በኋላ ድንጋዩ ሦስት ቀን ተራመደ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጸሐፊው የሟቹን ስም ጠራ።

"አቤት" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ማን ነው ያለው ብዬ ብጠይቅ፣ ጋሽ ዘለቀ ኮታቸውን ቆለፉና አውቶብስ እንዳያመልጣቸው ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

በመጨረሻ አለቃዬ ሂድና እይ አለኝ። ልክ እኩለ ቀን ላይ ሰናይት ትደውላለች፤ ስልኩ ካልተነሳ፣ እኔም ሰው ካላየሁ፣ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። በቢሮው ፒካፕ ተራራውን ተሻገርኩ።

ቤቱ ብቻውን ነው። ኮረብታው ላይ የነፋስ መለኪያ ምሰሶ ቆሟል፣ ጫፉ ላይ ያሉት ትንንሽ ጽዋዎች ይዞራሉ፣ ለማን እንደሚቆጥሩ እንጃ። ከፖሉ የሚመጣው ሽቦ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል፤ ቆጣሪው ከነበረበት ሳጥን ውስጥ የወፍ ጎጆ አለ። አገሩን ሁሉ ላብራ ያለው ቤት ራሱ መብራት የለውም። በመስኮት አጮልቄ አየሁ። ጠረጴዛው አቧራ ለብሷል። አቧራው ላይ የእኛ ደብዳቤዎች በቀናቸው ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፣ ሁሉም በቢላ ተከፍተዋል። ደብዳቤዎቹ ላይ አቧራ የለም።

እኩለ ቀን ሆነና ስልኩ ጮኸ። እዚህ ላይ ላስረዳችሁ፦ የቤት ስልክ የሚያስፈልገውን ኤሌክትሪክ በራሱ ሽቦ ይዞ ስለሚመጣ መብራት በሌለበትም ይጮኻል። የሚያስፈራ ነገር የለውም። ቆጠርኩ። ሰባት ጊዜ ጮኸ። ስምንተኛው መሃሉ ላይ ተቆረጠ።

በሩን አንኳኳሁ። የከፈተ የለም። ደግሜ አላንኳኳሁም። ቢከፈትስ?

በማግስቱ ቢሮ ስገባ ሰናይት ቅጹን ፊቷ ዘርግታ ነበር።

"ተነሳ" አለችኝ።

"ማን አነሳው?"

"ነፋስ። አሁንም ወረፋው ላይ ነዎት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ነፋስ፣ ነፋስ፣ ከዚያ ትንፋሽ። ከዚያ ተዘጋ።"

መልእክት መቀበያ ማሽን ይሆናል ብዬ ጀመርኩ። ማሽኑ በራሱ ያነሳል፣ የቀዳውን ያሰማል፣ ግን ከግድግዳ ካልተሰካ... ማብራሪያዬ የወፉ ጎጆ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ጋሽ ዘለቀ ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ሊሰሙ ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። ሁሉንም ነገርናቸው። ሰናይት እስክሪብቶዋን አነሳችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ 'አልተነሳም' ብዬ ልጻፍ? ማን ያውቃል?" አለች። እኔ ወለሉን አየሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንድትጽፍ ፈልጌ ነበር።

ጋሽ ዘለቀ ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

"ያኔ አቤት ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሚስቱ አራስ ነበረች። ስኳሩን ተቀብዬ ወሰድኩላት። አንድ ሰው፣ የሞተ ነው ይውጣ ቢል ኖሮ ትክክል ነበር።"

"ታዲያ እዚያ ቤት ማን አለ ጋሼ?" አልኩ።

"እኔ ምን አውቄ። ግን ሲጠሩት አቤት ብሏል። ተነስቷል ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ።"

ጻፈች። ውሉ በወሩ መጨረሻ አበቃ። ጋሽ ዘለቀ ኮረብታውን ለነፋሱ ትተው፣ ከልጃቸው ጋር ለመኖር ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ፤ አድራሻቸውንም አላገኘሁትም። ማመልከቻቸውን ግን ከወረፋው ያወጣ የለም። እሳቸውም ረሱት መሰለኝ። እኔም ሰናይትም ቢሮውን ለቅቀን ወጣን። መስመሩ ዛሬም ሙሉ ነው፣ ወረፋውም በሁለት ኮረብታ ያልተተከሉ ተርባይኖች ተይዟል። ከኋላ ያሉት ይጠብቃሉ።

ባለፈው ሰኞ ቤቴ ስልክ ጮኸ። የማላውቃት ልጅ ነች፣ ከዚያው ቢሮ። የጋሽ ዘለቀን ስም እየተንተባተበች ጠራችና አሁንም ወረፋው ላይ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀች። የለም ልል ነበር። ማስረዳት እንደምወድ ታውቃላችሁ። ውሉ ማለቁን፣ የሄዱበት አለመታወቁን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

"አቤት" አልኩ።

በአማርኛ ነው ያልኩት፣ ቀስ ብዬ። መስኮቱም ክፍት ነበር፣ ውጭው ይነፍሳል። የቱን እንደሰማች አላውቅም።