ዓለም የሄደበት ቲሸርት

[ጠባብ የቲሸርት ማተሚያ ቤት። መሀል ላይ ማተሚያው ግሏል። ሰፈሩ «ሊቁ» የሚለው የቤቱ ጌታ መነጽሩን አፍንጫው ላይ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ይጨቃጨቃል። ፊት ለፊቱ «ጭምቱ» የሚባል ፀጉር ቆራጭ ነጭ ቲሸርት ደረቱ ላይ ዘርግቶ ቆሟል።]

ሊቁ፦ ኧረ ውረድ! ዝቅ አድርገው! ጉሮሮህ ላይ ልጻፍልህ እንዴ?

ጭምቱ፦ ጉሮሮዬ ላይ እንኳ አይደለም ጋሼ... እዚህ፣ ከአንገቱ ሥር።

ሊቁ፦ ከአንገት አራት ጣት ወርዶ ነው የሚታተመው። የሙያው ሕግ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።

ጭምቱ፦ አራት ጣት ከወረደማ ጭንቅላቱ ይጋርደዋል።

ሊቁ፦ የማን ጭንቅላት?

ጭምቱ፦ የተቀመጠው ሰውዬ።

ሊቁ፦ [ዞሮ ያያል] የቱ ሰውዬ? አንተ፣ በጠዋቱ ምን ቀምሰህ ነው የመጣኸው?

ጭምቱ፦ ፀጉር ቆራጭ እኮ ነኝ ጋሼ።

ሊቁ፦ እሱማ ያስታውቃል፤ ትከሻህ ላይ የሦስት ሰው ፀጉር ተሸክመሃል። ለመሆኑ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?

ጭምቱ፦ «እባክዎ አይንቀሳቀሱ»።

ሊቁ፦ [ከት ብሎ ይስቃል] ይሄን ለማለት ቲሸርት? አፍህን ማን ወሰደው?

ጭምቱ፦ አፍራለሁ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንዱ ስለ ልጁ ያወራል፣ አንዱ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። ወሬው ሲደምቅ ራስ ይወዛወዛል፤ እኔ ደግሞ ማሽን ይዣለሁ። ባለፈው የአንዱን ሸበላ ግማሽ ቅንድብ ይዤበት ሄድኩ።

ሊቁ፦ ጉድ ፈላ!

ጭምቱ፦ ፀጉር ቤቱ የሚስቴ ወንድም ንብረት ነው። «አንድ ራስ ደግመህ ብታበላሽ መቀሱን አስቀምጠህ ውጣ፤ ለእህቴም ራስህ ንገራት» ብሎኛል። መውጣቱስ ይሁን፤ ለሷ መንገሩ ነው የከበደኝ።

ሊቁ፦ እንግዲያው ትክክለኛው ቤት መጥተሃል። አይዞህ። ጽሑፏን በግራ ደረትህ፣ ልብህ ላይ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል አድርጌ...

ጭምቱ፦ የክብሪት ቀፎ? ኧረ ጋሼ፣ ስንዝር ትሙላ!

ሊቁ፦ ትልቅ ጽሑፍ ጊዜው አልፎበታል። ዓለም ወደ ትንሽ እየሄደ ነው!

ጭምቱ፦ ዓለም ይሂድ። የኔ ሰዎች ግን መነጽራቸውን አውልቀው ነው ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት።

ሊቁ፦ ሰው ከደነቀው አጮልቆም ያነባል! አንተ መቁረጥህን ቁረጥ፤ ልኩን ለኔ ተውልኝ።

[ኮምፒውተሩን ሁለት ሦስቴ ይነካል። ጽሑፉ ወረቀት ላይ ታትሞ ይወጣል፤ ፊደሎቹ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተገልብጠዋል። ጭምቱ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ይበራል።]

ጭምቱ፦ ይኸውልዎ! እንዲህ ነው የምፈልገው! እጅዎ ይባረክ!

ሊቁ፦ እንዴት እንዲህ? የተገለበጠውን?

ጭምቱ፦ አዎ፣ የተገለበጠውን።

ሊቁ፦ የኔ ወንድም፣ ይሄ ወረቀቱ ነው። ማሽኑ በሙቀት ሲጫነው ቀለሙ ዞሮ ልብሱ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ገባህ?

ጭምቱ፦ ገባኝ። እና ቀጥ እንዳይል ያድርጉልኛ።

ሊቁ፦ [ጭንቅላቱን ይይዛል] ስንት ዓመት ሙሉ ተገልብጦ እንዳይወጣ ስጠነቀቅ ኖሬ፣ አንተ ገልብጥልኝ ብለህ መጣህ?

ጭምቱ፦ ሰዎቼ እኮ በፊት ለፊት አያዩኝም። ከኋላቸው ነው የምቆመው። መስታወቱ ላይ...

ሊቁ፦ መስታወቱን ተወው! ነገ ሰው «ይሄን ማን ሠራው?» ቢልህ ማንን ልትል ነው? ሊቁ ፊደል አይለይም ሊባልልኝ ነው?

ጭምቱ፦ ኧረ እኔ... መስታወቱ እኮ ጋሼ...

ሊቁ፦ በቃ! ለታካሚ መድኃኒት የሚያዘው ሐኪሙ ነው።

[ወረቀቱን ልብሱ ላይ ያስተካክልና ማሽኑን ይጫነዋል። እንፋሎት ይወጣል። ጭምቱ የታመመ ዘመድ እንደሚጠብቅ ሰው እጁን አጣምሮ ይቆማል። ሊቁ ልብሱን ይገለብጥና ሌላ ትልቅ ወረቀት ያነጥፋል።]

ጭምቱ፦ ይሄኛውስ ምንድን ነው?

ሊቁ፦ ምርቃት ነው። ጀርባህ ላይ «ልክና አቀማመጥ በሊቁ» ከነስልክ ቁጥሬ።

ጭምቱ፦ ከትከሻ እስከ ትከሻ? ዓለም ወደ ትንሽ እየሄደ ነው አላሉም?

ሊቁ፦ ጀርባ ሌላ ዓለም ነው።

[ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ፀጉር ቤት። ሊቁ አንሶላ ታስሮለት ትልቁ መስታወት ፊት ተቀምጧል፤ መነጽሩ መደርደሪያው ላይ ነው። ጭምቱ አዲሱን ቲሸርት ለብሶ ከኋላው ማሽኑን ያንቀሳቅሳል። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ከግድግዳው ሥር ሆነው የጭምቱን ጀርባ ያያሉ።]

ሊቁ፦ ዛሬ አሳምረኝ። ከሰዓት የነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ስለ ሙያዬ ንግግር አደርጋለሁ። እና ቲሸርቱስ? ሰው ፀጥ ብሎ አይቀመጥም?

ጭምቱ፦ ጋሼ፣ ራስዎን ትንሽ...

ሊቁ፦ የባለሙያ ሥራ ነዋ! [መስታወቱ ላይ ያፈጣል] ቆይ ቆይ፣ ያቺ ደረትህ ላይ ያለችው ምንድን ናት? ጉንዳን ነው?

ጭምቱ፦ የእጅዎ ሥራ ናት።

ሊቁ፦ ኧረ? [ወደ ግራ ያዘነብላል] የራሴ ጭንቅላት ጋረደኝ እኮ! [ወደ ቀኝ ያዘነብላል] ደግሞ ተገልብጣለች! ማነው የገለበጣት?

ጭምቱ፦ መስታወቱ። ጋሼ እባክዎ...

ሊቁ፦ ምን ነበር የሚለው? እስቲ...

[ብድግ ብሎ ወደ መስታወቱ ያሰግጋል። ማሽኑ ጥርርር ብሎ ከማጅራቱ እስከ አናቱ ጥርጊያ መንገድ ይከፍታል።]

ጭምቱ፦ «እባክዎ አይንቀሳቀሱ» ነው የሚለው።

ሊቁ፦ [በእጁ ይዳስሳል] ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! ጨረስከኝ! የታለ አማችህ? ጥራልኝ!

ጭምቱ፦ [ማሽኑን አጥፍቶ] ይጥሩት። እኔማ አለቀልኝ፤ ማታ ለሚስቴ የምነግራትን ነው የማስበው። ግን እሱ መጥቶ «ይሄን የማይነበብ ነገር ማን ጻፈልህ?» ማለቱ አይቀርም። እኔ ደግሞ አፋር ነኝ፣ አልመልስለትም። ዞር ብዬ ጀርባዬን ነው የማሳየው።

[ከኋላ አንዱ ተጠባባቂ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ልክና አቀማመጥ በሊቁ» እያለ ያነባል። ሌሎቹ የሊቁን ማጅራት አይተው አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ሊቁ አንሶላው ውስጥ ይሰምጣል። አማች ከጓዳ ብቅ ይላል።]

አማች፦ ምንድን ነው ጫጫታው? [የሊቁን ራስ ያያል] በስመ አብ! ይሄን ማነው ያደረገው?

[ጭምቱ ቀስ እያለ መዞር ይጀምራል።]

ሊቁ፦ እኔ! እኔ ነኝ! እኔ ራሴ ነኝ ያዘዝኩት!

አማች፦ ይሄን? መሀል አናትህ ላይ? አውቀህ?

ሊቁ፦ [ላብ ላብ እያለው] ዓለም... ዓለም ወደዚህ እየሄደ ነው።

አማች፦ [ግራ ተጋብቶ ትንሽ ያስብና] ይሁና። ታዲያ ምን ያቆማችኋል? በግራና በቀኝ የቀረውንም ጨርስለታ!

[አማች ወደ ጓዳ ይመለሳል። ሊቁ ከወንበሩ ሊነሳ ይሞክራል። ጭምቱ አንድ እጁን ትከሻው ላይ ያሳርፋል፤ ማሽኑን ይከፍታል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል።]

ጭምቱ፦ አይንቀሳቀሱ!