«ከዚያስ?» የሚሉት ጎረቤታችን

ወሬ የሚያበዛ ጎረቤት የሌለበት ግቢ አለ የሚል ሰው ካለ አድራሻውን ይስጠኝ፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባለሁ።

ግሽ አባይ ሰፈር ባለው ግቢያችን ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እትዬ አገርነሽ ናቸው። «መስዑድ፣ እንዴት አደርህ? ከዚያስ?» ይሉኛል፣ ገና ምኑንም ሳልጀምርላቸው። አንድ ቀን ባጃጅ አስቁሜ ልሳፈር ስል በር ላይ ያዙኝ። ነጂው መጠበቁ ሲሰለቸው ወርዶ እሱም ያዳምጥ ጀመር። ሁለታችንም ሥራ አረፈድን።

ልጄ ሀኒያ ከተወለደች ጀምሮ ልቧንም ሳንባዋንም ያማታል። «አትሩጪ፣ ቁጭ በይ» እያልን አሳደግናት። የክፍሏ ልጆች ጣና ዳር ሲሄዱ እሷ ቤት ትቀራለች። በቅርቡ ግን ሐኪሟ ተቆጣችን።

«ቁጭ ማለቱ እኮ ነው ይበልጥ የሚያደክማት። በየቀኑ ግቢ ውስጥ ትራመድ። እየተራመደች እንደ ልቧ ማውራት ከቻለች ደህና ነች፤ ቃል ካጠራት አሳርፏት።»

እኔ አብሬያት ስራመድ ፊት ፊቷን እያየሁ እፈራለሁ። እሷም ፍርሃቴን እያየች ዝም ትላለች። ዝም ካለች ደግሞ ደክሟት ይሁን አይሁን በምን ልወቅ?

እትዬ አገርነሽ ይህን ሲሰሙ መቀነታቸውን አጥብቀው ተነሡ። «ማውራት ነው እንዴ መድኃኒቱ? ታዲያ እኔን ምነው ረሳችሁኝ?»

ከዚያ ወዲህ ሀኒያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከግቢው በር እስከ ማንጎው ዛፍ አብረው ይመላለሳሉ።

«ዛሬ ምን አያችሁ፣ የኔ ሸጋ?»

«ክፍል ውስጥ ድመት ገባች።»

«ከዚያስ?»

«ቲቸር ፈርታ ወንበር ላይ ወጣች።»

«ኧረ ተይ! ከዚያስ?»

ባለፈው ሳምንት ከዱርቤቴ ገበያ ስላመለጠች ፍየል እያወሩላት ነበር። «ማን ያዛት መሰለሽ?» ሲሏት ሀኒያ «እ...» ብላ ቀረች።

እትዬ አገርነሽ ወዲያው ቆሙ። ማንጎው ሥር አስቀመጧት፣ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉና ዝም አሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ስንጎራበት ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም። ደጃፌ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ያ ጆሮዬን ያደነቆረኝ ወሬያቸው እንዲመለስ አላህን ለመንሁት።

ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እትዬ አገርነሽ ግን አሁንም አልተናገሩም፤ ዐይናቸው ደረቷ ላይ ነው። ሀኒያ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እትዬ» አለቻቸው፣ «ከዚያስ?»